የመኪና አምፕሊፋየር ዋት በካርቶን ሳይሆን በፊውዝና በሽቦ ይለካል

የመኪና ድምፅ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ገዢንና ሻጭን ቀድሞ የሚያገናኛቸው ቃል «ዋት» የሚለው ነው። አምፕሊፋየር ፈልጎ የመጣ ደንበኛ ዓይኑ የሚያርፈው በካርቶኑ ላይ ጎላ ብሎ በተጻፈው 1000፣ 2000 ወይም 3000 በሚል ቁጥር ላይ ነው። ሻጩም ዋጋውን የሚጠራው ይህንኑ ቁጥር ተንተርሶ ነው። ብዙ ዋት በጥቂት ብር የተባለው ዕቃ ደግሞ እንደ ዕድል ተቆጥሮ ፈጥኖ ይነሳል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ያ ሁሉ ዋት የተገጠመለት መኪና ድምፁ እየተንጫጫ፣ የፊት መብራቱ ከቤዙ ጋር እየፈዘዘና እየበራ፣ ባትሪው ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለ ወደ ጋራዥ ይመለሳል። የከፋ ሲሆን ከዳሽቦርዱ ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይመጣል፤ ጭስም ይከተላል።

የእነዚህ ችግሮች መነሻ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ገዢው ገንዘቡን ያወጣው በቁጥሩ ላይ ሲሆን አምፕሊፋየሩ የሚሠራው ግን ከባትሪው በሚደርሰው የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ፍሰቱን የሚያደርሰው ሽቦ፣ ሽቦውን የሚጠብቀው ፊውዝና ፍሰቱን ወደ ባትሪው የሚመልሰው የኔጌቲቭ መሥመር በግዢው ስሌት ውስጥ ሳይገቡ ይቀራሉ፤ ወይም በመጨረሻ «በተረፈው ብር» ይገዛሉ።

ነገሩ የድምፅ ጥራት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሙዚቃ ወዳጆች ጭቅጭቅ ሆኖ በቀረ ነበር። በኢትዮጵያ ግን መኪና ከመጓጓዣነት አልፎ የሀብት ማስቀመጫ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በተለይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲሰላ ተወደደ። ይህን ያህል ዋጋ የሚያወጣን ንብረት ለተሻለ ድምፅ ሲባል በተቀጣጠለ ሽቦ ለእሳት ማጋለጥ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

ቴፑ ራሱ ስንት ዋት አለው?

አምፕሊፋየር ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ከመኪናው ቴፕ መጀመር ይጠቅማል። በብዙ ቴፖች ፊት ላይ «50 ዋት በ4» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ይህ ጽሑፍ በአንድ በኩል ውሸት አይደለም፤ በሌላ በኩል ግን ለገዢው የሚነግረው ጥቂት ነው።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሞተሩ ሲሠራ ቢበዛ 14.4 ቮልት ገደማ ይደርሳል። የተለመደው የመኪና ስፒከር ደግሞ 4 ኦም ነው። 14.4 በራሱ ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል ውጤቱ 52 ዋት ያህል ይሆናል። ካርቶኑ ላይ ያለው 50 የሚመጣው ከዚሁ ነው። ይህ የሚገኘው ግን ቴፑ ያለውን ቮልት በሙሉ ያለማቋረጥ ወደ ስፒከሩ ሲገፋ ነው። እንዲህ ያለው ድምፅ ሙዚቃ ሳይሆን ጩኸት ነው። ንጹሕ ድምፅ እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ ስለሚል ከዚህ ኃይል ግማሹን፣ ማለትም 26 ዋት ያህል ብቻ ይሰጣል። በቴፑ ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ የብዙዎቹ ቴፖች እውነተኛ አቅም በአንድ ስፒከር ከ15 እስከ 22 ዋት ይሆናል።

ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሰው ቮልቱን ማሳደግ አለበት። ለምሳሌ በ4 ኦም ስፒከር 100 ዋት ለማግኘት 20 ቮልት ያስፈልጋል፤ የማዕበሉ ጫፍም ወደ 28 ቮልት ይደርሳል። መኪናው ደግሞ ያለው 14 ቮልት ነው። አምፕሊፋየር ማለት እንግዲህ በውስጡ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ክፍል ያለው፣ ከቴፑ የሚመጣውን ደካማ ድምፅም በዚያ ከፍ ባለ ቮልት አጠንክሮ ወደ ስፒከሩ የሚልክ መሣሪያ ነው። ኃይልን ግን ከምንም አይፈጥርም፤ የሚሰጠውን ሁሉ፣ ከዚያም በላይ፣ ከባትሪውና ከዲናሞው ይወስዳል።

ሻጩ የሚያውቀው፣ ገዢው የማያውቀው

እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ሻጩ የዕቃውን ጥራት እያወቀ ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ለሁሉም ዕቃ አማካይ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይገደዳል። በዚያ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ያለው ሻጭ ስለማያዋጣው ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው መናኛው ይሆናል። አከርሎፍ በ2001 የኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ሦስት ምሁራን አንዱ የሆነው ይህን በመሰለው ሥራው ነው።

የአምፕሊፋየር ገበያ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ገዢው ዋቱን በዓይኑ አያየውም፤ በሱቅ ውስጥም አይለካውም። በመሆኑም ካርቶኑ ላይ 500 ብሎ እውነቱን የጻፈ አምራች፣ 2000 ብሎ ከጻፈው አጠገብ ሲቀመጥ ተሸናፊ ይሆናል። አሜሪካ እንኳ ይህን ችግር በቶሎ አልፈታችውም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1974 የአምፕሊፋየር ዋት እንዴት ተለክቶ እንደሚገለጽ ደንብ ቢያወጣም፣ ደንቡ የሚመለከተው ለቤት የሚሸጡትን ነበር። የመኪናዎቹ ከደንቡ ውጪ ቀሩ። አምራቾች በፈቃዳቸው የሚከተሉት የጋራ መለኪያ የወጣው በ2003 ነው፤ ስሙም ሲኢኤ-2006 ይባላል፤ በኋላ ሲቲኤ-2006 ተብሏል። በዚህ መለኪያ መሠረት ዋቱ የሚገለጸው በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦምና ከ1 በመቶ ባልበለጠ የድምፅ መዛባት ነው።

ስለዚህ ገዢው ከትልቁ ቁጥር ይልቅ «አርኤምኤስ» የሚለውን ቃልና ከጎኑ ያለውን ቁጥር፣ ከተገኘም የዚህን መለኪያ ምልክት ቢፈልግ ይሻለዋል። አርኤምኤስ መሣሪያው ሳይቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ነው። «ማክስ» ወይም «ፒክ» ተብሎ የሚጻፈው ግን አምራቹ የፈለገውን ያህል ሊያስረዝመው የሚችል ቁጥር ነው። ምልክቱም ሆነ የታዋቂ ድርጅት ስም በፎርጅድ ዕቃ ላይ ሊታተም ስለሚችል ግን ሌላ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ይህ ማረጋገጫ በዕቃው ጎን ላይ ይገኛል።

ፊውዙን መቁጠር

በአብዛኞቹ አምፕሊፋየሮች ጎን ላይ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፊውዞች ይታያሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ የሚያሳልፉት አምፔር ተጽፏል። ፊውዞቹ ተደምረው የሚያሳልፉት አምፔር በ13.8 ቮልት ሲባዛ፣ መሣሪያው ከባትሪው ሊወስድ የሚችለው ኃይል ይገኛል። ከዚህ ላይ በሙቀት የሚባክነው ይቀነሳል። «ክላስ ዲ» የሚባሉት ከሚወስዱት ኃይል 80 በመቶ ያህሉን ወደ ድምፅ ይለውጣሉ። የቆዩት «ክላስ ኤቢ» የሚባሉት ግን ከ50 እስከ 60 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ለምሳሌ ያህል በሱቅ ውስጥ ሁለት አምፕሊፋየሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው «2000 ዋት» የተጻፈበት ክላስ ኤቢ ሲሆን 9 ሺህ ብር ተጠርቶበታል። ሁለተኛው «500 ዋት አርኤምኤስ» የሚል ክላስ ዲ ሲሆን 12 ሺህ ብር ይባላል። በካርቶኑ ቁጥር ሲሰላ የመጀመሪያው አንዱ ዋት በ4 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ሁለተኛው ደግሞ በ24 ብር ይሸጣል። ምርጫው ያለቀ ይመስላል።

ፊውዙ ሲቆጠር ግን ሌላ ይሆናል። የመጀመሪያው ባለ20 አምፔር ሁለት ፊውዞች አሉት እንበል። 40 በ13.8 ሲባዛ 552 ዋት ይመጣል፤ ከዚህ 55 በመቶው 300 ዋት ያህል ነው። 9 ሺህ ብር ለ300 ሲካፈል አንዱ ዋት 30 ብር ወጣ ማለት ነው። ሁለተኛው የ60 አምፔር ፊውዝ ካለው 828 ዋት ሊወስድ፣ ከ650 ዋት በላይም ሊሰጥ ስለሚችል 500 ያለው የሚታመን ነው። ርካሹ ዕቃ ውድ፣ ውዱም ርካሽ ሆነ።

ይህ ስሌት ትክክለኛውን አቅም አይናገርም፤ ጣሪያውን ነው የሚያሳየው። ፊውዝ ለቅጽበት ከተጻፈበት በላይ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ፎርጅድ አምራችም ትልቅ ፊውዝ ሊሰካ ይችላል። ይሁን እንጂ 40 አምፔር ፊውዝ ያለው ዕቃ 2000 ዋት ሳይቋረጥ ሊሰጥ እንደማይችል ለማወቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሽቦ በሜትር ብቻ አይገዛም

ዕቃው ከተመረጠ በኋላ የሚመጣው ሽቦ ነው። 500 ዋት የሚሰጥ ክላስ ዲ አምፕሊፋየር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 45 አምፔር ያህል ይወስዳል። ባትሪው ከፊት፣ አምፕሊፋየሩ ከኋላ ከሆነ ሽቦው 5 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ርቀት ቀጭንና ወፍራም ሽቦ የሚያመጡት ልዩነት በቀላሉ ይሰላል።

ለቤት የኤሌክትሪክ ሶኬት የሚዘረጋው ባለ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ለዚህ ሥራ ቢውል፣ መንገድ ላይ 1.5 ቮልት ያህል ይጠፋል። የጠፋው ቮልት የትም አልሄደም፤ ሽቦውን የሚያሞቅ 70 ዋት ሆኗል። ይህ በምንጣፍና በፕላስቲክ ሥር የተቀበረ፣ ከድሮው ባለ60 ዋት አምፖል የሚበልጥ ሙቀት ማለት ነው። በ8.4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የሚጠፋው ከግማሽ ቮልት በታች ሲሆን በ21 ካሬ ሚሊ ሜትር ደግሞ 0.2 ቮልት እንኳ አይሞላም።

የድምፅ ዕቃ ሱቆች እነዚህን ሁለት ውፍረቶች በአሜሪካኖቹ አለካክ 8 ጌጅና 4 ጌጅ ብለው ይሸጧቸዋል። በዚህ አለካክ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ከላይ ለተጠቀሰው መሣሪያ 8 ጌጅ የመጨረሻው ዝቅተኛ ሲሆን 4 ጌጅ ያለ ሐሳብ ያሠራል።

እዚህም ላይ ገዢው የማያየው ነገር አለ። ከላይ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ ግን አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ በስፋት ይሸጣል። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ የመዳብ 60 በመቶ ያህል በመሆኑ፣ በእኩል ውፍረት የሚጠፋው ቮልትና የሚፈጠረው ሙቀት ከፍ ይላል። ወፍራም የፕላስቲክ ልባስ ለብሶ ከውጭ ሲታይ ትልቅ የሚመስል፣ ተቆርጦ ሲታይ ግን ቀጭን የሆነም አለ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም። በእጅ ሲመዝኑትም ይታወቃል፤ መዳብ ከአሉሚኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳልና። አሉሚኒየሙ ፈጽሞ አይሠራም ማለት ሳይሆን፣ በመዳብ ዋጋ ሊገዛ አይገባም፤ ከተገዛም አንድ ወይም ሁለት ደረጃ መወፈር አለበት።

ገጠማው በቅደም ተከተል

መኪናው ጋራዥ ከገባ በኋላ ባለቤቱ ሥራውን ራሱ ባይሠራም ቅደም ተከተሉን ማወቁ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል፤ ተመልሶ የሚታሰረውም ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ይህን የዘለለ ሠራተኛ መፍቻው ከፖዘቲቩ ወደ ቦዲው ሲነካ የሚፈጥረውን ብልጭታ ገና አላየም ማለት ነው። አንዳንድ ቴፖች ባትሪ ሲፈታ የምስጢር ቁጥር ስለሚጠይቁ ቁጥሩን አስቀድሞ መያዝ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ከ45 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ይህ ፊውዝ አምፕሊፋየሩን የሚጠብቅ ይመስለዋል። አምፕሊፋየሩ የራሱ ፊውዝ አለው፤ ይህኛው የሚጠብቀው ሽቦውን፣ በሽቦውም በኩል መኪናውን ነው። ሞተር የሚያስነሳ ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ይችላል። ሽቦው ጎርባጣ መንገድ ላይ እየተንቀጠቀጠ ልባሱ ተልጦ ብረት ቢነካ፣ ፊውዝ ከሌለ ያ ሁሉ ፍሰት በሽቦው ውስጥ ይሮጣል፤ ሽቦው ይግላል፤ አጠገቡ ያለው ይቃጠላል። ፊውዙ የሚመረጠውም በሽቦው አቅም ነው። ለ8 ጌጅ ንጹሕ መዳብ በተለምዶ እስከ 60 አምፔር ይፈቀዳል። የተቃጠለን ፊውዝ በሚበልጠው መተካት ወይም በፎይል ጠቅልሎ መመለስ ጠባቂውን ማባረር ነው።

ሦስተኛ፣ ሽቦው ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ የሚያልፍበት የብረት ቀዳዳ የጎማ ቀለበት ሊኖረው ይገባል። ሽቦው ከሚሽከረከርና ከሚግል የሞተር አካል ይርቃል፤ በወንበር መንሸራተቻ ሥርም አያልፍም።

አራተኛ፣ የኔጌቲቩ ሽቦ ከፖዘቲቩ እኩል ወፍራም፣ በተቻለ መጠንም ከግማሽ ሜትር የማይበልጥ ሆኖ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰራል። የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብረቱ መታየት አለበት። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሞተሩ ሲጨመር አብሮ የሚጨምር የፉጨት ድምፅ የሚሰማባቸው ብዙ መኪኖች ችግራቸው እዚህ ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ከቴፑ ድምፅ የሚያመጣው ቀጭን ኬብል በመኪናው አንድ ጎን፣ ወፍራሙ የኃይል ሽቦ ደግሞ በሌላው ጎን ቢዘረጉ የማይፈለግ ድምፅ ይቀንሳል። ቴፑ የአምፕሊፋየር መውጫ ከሌለው ከስፒከሩ መሥመር ድምፅ የሚቀበል መቀነሻ ይጨመራል፤ አንዳንድ አምፕሊፋየሮችም ይህን በውስጣቸው ይዘዋል።

ስድስተኛ፣ አምፕሊፋየሩን የሚያበራውና የሚያጠፋው ቀጭን ሽቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ወይም ሰማያዊ ከነጭ መሥመር ጋር፣ ከቴፑ ይመጣል። ይህን ሽቦ ፍለጋ ዳሽቦርድ መፍታት የታከተው ሠራተኛ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር በቀጥታ ያገናኘዋል። አምፕሊፋየሩም ቀንና ሌሊት አይጠፋም። ሥራ ፈትቶ አንድ አምፔር ብቻ ቢወስድ እንኳ 45 አምፔር-ሰዓት የሆነን ባትሪ ሁለት ቀን ሳይሞላ ያደርቃል። ጠዋት የሚገፋ መኪና ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የአምፕሊፋየሩ መቀመጫም ቢሆን ይታሰብበታል። ከወንበር ሥር ወይም ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አየር የሚያገኝበት ቦታ ይሻላል። በምንጣፍ የተሸፈነ አምፕሊፋየር፣ በተለይ እንደ ድሬዳዋና ሰመራ ባሉ ሞቃት ከተሞች፣ ከሙቀቱ የተነሳ ራሱን እያጠፋ ያስቸግራል።

ስፒከርና «ጌይን»

ስፒከር ሲጨመር ኃይል የሚጨምር እየመሰላቸው ከአንድ መውጫ ላይ ሁለትና ሦስት ስፒከር የሚደርቡ አሉ። ሁለት ባለ4 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ ለአምፕሊፋየሩ 2 ኦም ይሆኑበታል፤ አራት ሲሆኑ ደግሞ 1 ኦም። ኦሙ ሲወርድ የሚሳበው ፍሰት ይጨምራል። መሣሪያው በመመሪያው ላይ እስከ 2 ኦም የሚል ከሆነ ከዚያ በታች መውረድ ማቃጠል ነው። ሁለት መውጫዎችን አጣምሮ አንድ ሰብዉፈር ለማሠራት ሲፈለግ ደግሞ ገደቡ አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ይሆናል።

«ጌይን» የተባለው መዘውር ሌላው የስሕተት ምንጭ ነው። ድምፅ መጨመሪያ እየመሰለ እስከ መጨረሻው ይዞራል። ሥራው ግን ከቴፑ የሚመጣውን የድምፅ መጠን ከአምፕሊፋየሩ አቅም ጋር ማጣጣም ነው። ከልኩ ሲያልፍ የድምፁ ማዕበል ጫፉ ይቆረጣል፤ ስፒከሩ ይንጫጫል፤ ትዊተሮች ቀድመው ይቃጠላሉ። ባለቤቱም የስፒከሩን ሻጭ ይወቅሳል።

ትክክለኛው አሠራር ጌይኑን እስከ ታች ዝቅ አድርጎ፣ ቴፑን ከሙሉ ድምፁ ሦስት አራተኛ ላይ አድርሶ፣ ከዚያ ጌይኑን መዛባት እስኪሰማ ቀስ እያሉ መጨመርና ጥቂት መመለስ ነው። ቴስተር ያለው ሠራተኛ ደግሞ በስሌት ይሠራዋል። 100 ዋት የሚሰጥ የቤዝ አምፕሊፋየር በ4 ኦም ሲሠራ መውጫው ላይ ሊነበብ የሚገባው 20 ቮልት ነው፤ 100 በ4 ተባዝቶ 400፣ የ400 ካሬ ሥር 20 ነውና። ስፒከሩ ተፈትቶ የ50 ኸርዝ የሙከራ ድምፅ እየተጫወተ ቴስተሩ 20 እስኪያነብ ጌይኑን ማዞር ብቻ ይቀራል።

ዲናሞውና የኤሌክትሪክ መኪናው

የአነስተኛ መኪኖች ዲናሞ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 አምፔር የሚሰጥ ሲሆን ሞተሩ ቆሞ ሲያንኮራኩር የሚሰጠው ከዚህ ያንሳል። መብራት፣ ዝናብ መጥረጊያና ማራገቢያ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ደግነቱ ሙዚቃ ያለማቋረጥ በሙሉ ኃይል አይጮህም። 45 አምፔር ሊወስድ የሚችል አምፕሊፋየር በአማካይ የሚወስደው ሲሶውን ያህል ነው። ስለዚህ ለአንድ ትንሽ መኪና 500 ዋት እውነተኛ ኃይል የሚቻል ነገር ነው። እውነተኛ 2000 ዋት ግን ዲናሞና ባትሪ ሳይለወጥ የሚታሰብ አይደለም። ሞተር ጠፍቶ በመኪናው ሙዚቃ ድግስ ማድመቅ የፈለገ ሰው ደግሞ ለመመለሻ የሚነሳበትን ባትሪ እየበላ መሆኑን ማወቅ አለበት።

የኤሌክትሪክ መኪኖች ዲናሞ የላቸውም። ባለ12 ቮልት ትንሿን ባትሪ የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ ቮልት ቀንሶ የሚያወርድ መሣሪያ ነው። አምፕሊፋየሩ የሚታሰረው ከዚህች ትንሽ ባትሪ ጋር ብቻ ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ወፍራም ኬብሎች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የያዙ በመሆናቸው ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው ካልሆነ በቀር ማንም ሊነካቸው አይገባም። መኪናው ዋስትና ካለው ደግሞ ሽቦ ከመቆረጡ በፊት የዋስትናውን ውል ማንበብ ይበጃል።

ለመኪና ገዢና ለደላላ

አምፕሊፋየር የተገጠመለት መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ «ሙዚቃው ራሱ ይህን ያህል ያወጣል» መባሉ የተለመደ ነው። ገዢው ግን ኮፈኑን ከፍቶ ከባትሪው የሚነሳውን ተጨማሪ ሽቦ በዓይኑ ይከተል። ፊውዝ አጠገቡ አለ? ብረት የሚያልፍበት ቦታ ጎማ ለብሷል? ከዳሽቦርዱ ጀርባ የመኪናው የራሱ ሽቦ ተቆርጦ በናስትሮ ተጠቅልሏል ወይስ በሶኬት ነው የተገናኘው? የተቆራረጠ ሽቦ ካለ አምፕሊፋየሩ በዋጋው ላይ የሚጨመር ሳይሆን ከዋጋው የሚቀነስ ነው።

በቴስተርም ሦስት ነገር ይታያል። ሞተሩ ጠፍቶ የቆየ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያነባል። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.4 ይደርሳል። ሙዚቃው ከፍ ብሎ ሳለ በባትሪውና በአምፕሊፋየሩ መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ካለፈ ሽቦው ወይም የኔጌቲቩ እስር ደካማ ነው። ሁሉ ነገር ከጠፋና መኪናው ከተቆለፈ በኋላ ደግሞ ከባትሪው የሚወጣው ፍሰት ከ50 ሚሊ አምፔር ባይበልጥ ይመረጣል።

ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው ባለመኪናም ሁለት ነገር ቢያደርግ አይጎዳም። የተጨመረው ዕቃ በውሉ ላይ ተጠቅሶ እንዲመዘገብ መጠየቅ አንዱ ነው፤ የዕቃውንና የገጠማውን ደረሰኝ ማስቀመጥ ደግሞ ሌላው። በውሉ ያልተጠቀሰ ዕቃ፣ ደረሰኝ በሌለው እጅ የተገጠመ ሽቦም በካሳ ጊዜ ክርክር ይዞ ይመጣል።

በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ቦታ ለግዢ የሚወጣ ሰው እንግዲህ ጥያቄውን ቢቀይር ገንዘቡን ያድናል። «ይህ ስንት ዋት ነው?» ከማለት ይልቅ ፊውዙን ቆጥሮ፣ ሽቦውን ፍቆ፣ ከዚያም «አምፕሊፋየሩ፣ ሽቦው፣ የባትሪው ፊውዝ፣ ኬብሉና የእጅ ዋጋው በአንድ ላይ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ለጠቅላላው የሚበቃ ገንዘብ ካልያዘ የሚቀንሰው ከአምፕሊፋየሩ ላይ ይሁን እንጂ ከሽቦውና ከፊውዙ ላይ አይሁን። ትንሽ አምፕሊፋየር በትክክለኛ ሽቦ ጥሩ ይዘፍናል። ትልቅ አምፕሊፋየር በቀጭን ሽቦ ግን መኪናውን ያሞቃል፤ አንዳንዴም ያቃጥላል።